የዕድር ጥሩምባና የተማሪዋ ካሜራ

የዛሬው ርዕሳችን ሲያዩት ትንሽ ነው። አንዲት ተማሪ በምትኖርበት ከተማ ያለውን የወጣት ማዕከል የሚያስተዋውቅ የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ እንድትሠራ ተጠየቀች እንበል። ከተማዋ አምቦ ልትሆን ትችላለች፤ ጉደር፣ ጊንጪ፣ ሆለታ ወይም ጌዶ ብትሆንም ነገሩ ያው ነው። መሣሪያዋ የእጅ ስልክ፣ ረዳቷ የክፍል ጓደኛዋ፣ በእጇ ያለውም የትራንስፖርት ገንዘብ ብቻ ነው። ስለዚህ ጉዳይ በአደባባይ መናገር ለምን አስፈለገ የሚል ይኖራል። አንድ ከተማ የጋራ ቤቱን ለማስተዋወቅ በሚመርጠው ምስልና ቃል ውስጥ ማንን እንደሚጠራና ማንን እንደዘነጋ ይታያል። ገንዘብ የወጣበት፣ ግድግዳው የቆመ፣ ሠራተኛ የተመደበለት ቤት ወጣቱ ካልገባበት የጋራ ቤት ሊባል አይችልም። ስለዚህ የማስተዋወቂያ ቪዲዮ ዋጋ የሚለካው በውበቱ ወይም ስንት ሰው በስልኩ አየው በሚለው ሳይሆን፣ ካየው በኋላ ከጎረቤት ማን ተነሥቶ መጣ በሚለው ነው ብዬ አምናለሁ። ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ይህንን አንድ ሐሳብ ነው፤ የሚነሡበትንም ተቃውሞዎች ሳልመልስ አላልፍም።

ሰውን መጥራት ለእኛ አዲስ ጥበብ አይደለም። ካሜራም ሬዲዮም ሳይመጣ ሰው ሰውን የሚጠራበት ሥርዓት ነበረን። የነጋሪት አዋጅ ከላይ ወደ ታች ይወርድ ነበር፤ የዕድር ጥሩምባ ግን ጎረቤት ጎረቤቱን የሚጠራበት ነው። ጥሩምባ ነፊው ጎህ ሲቀድ በየመንደሩ ይዞራል፤ ይነፋል፤ ቆም ብሎ ማን እንዳረፈ፣ ቀብሩ በስንት ሰዓትና የት እንደሆነ ይናገራል፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው ሰፈር ያልፋል። ዕድሩን አያሞግስም፤ የተመሠረተበትን ዓመት አይቆጥርም፤ የሰብሳቢውን ስም አያነሣም። ሆኖም የእርሱን ያህል ሰውን ከቤቱ የሚያስነሣ ድምፅ በከተማው አይገኝም። የሚናገረው እውነት እንደሆነ ይታወቃል፤ ሰሚው ምን ማድረግ እንዳለበት ከጥሪው ይረዳል፤ ድምፁም የሰፈር ሰው ድምፅ ነው። ሌላም ምሳሌ ልጨምር፤ አምቦ ባለችበት በምዕራብ ሸዋ ዞን የሜጫ ኦሮሞ በሕግ ደንጋጊው በማኮ ቢሊ ዘመን በሥሩ የተሰበሰበበት የኦዳ ዛፍ፣ ኦዳ ቢሲል፣ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት በመዘገበው የገዳ ሥርዓት ሕግ በጉባኤ ይመከርበትና በቃል ይታወጃል፤ ላለባ ይሉታል። ሕዝቡን ከዛፉ ሥር ያመጣው የዛፉ ማማር ሳይሆን በጥላው የሚሠራው ሥራ ነበር። የወጣት ማዕከል ብለን የምንጠራው ቤት ከዚህ የቀደመ ዘር አለው፤ ቪዲዮውም እንዲሁ።

አሁን በየስልካችን የሚደርሱንን የተቋማት ማስተዋወቂያዎች እናስታውስ። መጀመሪያ ከተማው በድሮን ከላይ ይታያል፤ ሙዚቃው ይነሣል፤ ተራኪው ተቋሙ መቼ እንደተመሠረተና ምን ራእይ እንደሰነቀ ይናገራል። ኃላፊው ከጠረጴዛቸው ጀርባ ተቀምጠው የሥራ ክፍሎቹን ይዘረዝራሉ። ልጆች መጽሐፍ ገልጠው ለካሜራው ይቀመጣሉ። በመጨረሻ ምስጋና ይቀርባል። ይህ ሁሉ ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን አይቶ የጨረሰ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ማወቅ የሚፈልገው አልተነገረውም። ቅዳሜ ይከፈታል? ለመግባት መታወቂያ ያስፈልጋል? ይከፈላል? ብቻውን የመጣ ልጅ ማን ያስተናግደዋል? ኮምፒውተር ለመጠቀም ወረፋው እንዴት ነው? እንዲህ ያለው ቪዲዮ ለማን እንደተሠራ ብንመረምር ለበላይ ቢሮ፣ ለለጋሽ ድርጅት ወይም ለምረቃው ቀን እንግዳ ሆኖ እናገኘዋለን። ሙዚቃ የታከለበት ሪፖርት ነው። ሪፖርት ማቅረብ ነውር የለበትም፤ ስሕተቱ የሚጀምረው ሪፖርቱ ጥሪ ነው ሲባል ነው። ለሩቅ ሰው መሥራት የሚገባበትም ቦታ አለ። ከአምቦ በስተ ደቡብ ያለው ወንጪ እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከመረጣቸው ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ሆኗል፤ እዚያ የሚጠራው እንግዳ ነውና ሐይቁን ከሰማይ ማሳየት ተገቢ ነው። የወጣት ማዕከል የሚጠራው ግን በእግሩ ሩብ ሰዓት ተጉዞ የሚደርሰውን፣ በየቀኑም በበሩ አጠገብ የሚያልፈውን ልጅ ነው። ያ ልጅ ከተማውን ያውቀዋል፤ ከበሩ በስተ ጀርባ ያለውን ነው የማያውቀው።

በመታወቅና በመገልገል መካከል ያለውን ልዩነት የአምቦ ታሪክ ራሱ ያሳየናል። ከተማዋ በዘውዱ ዘመን ሀገረ ሕይወት ተብላ ነበር። ስሙ ውብ ነው፤ ከማዕድን ውሃዋም ጋር ይስማማል፤ በካርታ ላይም ሰፍሯል። ሕዝቡ ግን አምቦ ማለቱን አልተወም፤ ዛሬ ሁላችን የምንጠራት በዚያ ስም ነው። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ የሚታሸገው ውሃ የከተማዋን ስም በየአገሩ አዳረሰው። በሌላ ከተማ ምግብ ቤት ተቀምጦ «አምቦ አምጪልኝ» የሚል ሰው ጋዝ ያለው ውሃ መጠየቁ ነው፤ ሑሉቃ ወንዝ፣ ገበያውና ትምህርት ቤቶቹ በሐሳቡ አይመጡም። የመጀመሪያው ስም ከላይ ስለመጣ ሥር አልሰደደም፤ ሁለተኛው ከልክ በላይ ሰፍቶ ቦታውን ሸፈነው። አንድ የወጣት ማዕከልም በስሙ የታወቀ፣ በሥራው ግን ያልታወቀ ሊሆን ይችላል። ምልክት ሰሌዳውን ሁሉም ሰው አይቶታል፤ ውስጡን ግን ያየው ጥቂት ነው። ተማሪዋ መሙላት ያለባት ይህንን ክፍተት ነው፤ ስሙን ደጋግሞ ማሰማት ግን ክፍተቱን አይሞላውም።

ምስል በቅንብር ምን ያህል ኃይል እንደሚያገኝ የአገራችን ታሪክ ከበቂ በላይ ይመሰክራል። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ ስለነበረው ረሃብ የሠራው ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በብሪታንያ ቴሌቪዥን ታየ። ዓመት ሊሞላው ሲል፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው በሚወርዱበት ዋዜማ፣ ያው ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲቀርብ በመካከሉ የቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ገብተውበት ነበር። የረሃቡ ምስል እውነት ነው፤ የድግሱም ምስል እውነት ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ብቻቸውን ያልተናገሩትን ሦስተኛ ነገር ተናገሩ፤ በማግሥቱ የሆነውን ሁላችን እናውቃለን። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 23 ቀን 1984፣ የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል ቡርክና ካሜራማኑ መሐመድ አሚን በዚያን ጊዜ ስለነበረው ረሃብ ከኮረም ያቀረቡት ዘገባ ዓለምን አነቃነቀ፤ እርዳታ አስመጣ፤ ሕይወትም አተረፈ። ይህን መካድ ግፍ ይሆናል። ነገር ግን የዚያ ዘገባ ተመልካች ሩቅ ነበረና፣ በምስሉ ውስጥ ያለው ሰው የሚታይ እንጂ የሚነገረው አልነበረም። ምስሉም የተነሣበት ችግር ካለፈ በኋላ አላለፈም፤ ለብዙ ዓመታት የኢትዮጵያ ስም ሲነሣ በባዕድ ሐሳብ የሚመጣው እርሱ ሆኖ ኖረ። የአንዲት ተማሪ የሦስት ደቂቃ ሥራ ከእነዚህ ጋር በክብደት አይወዳደርም፤ አሠራሩ ግን ያው ነው። በምረቃው ቀን የሞላውን አዳራሽ የዘወትር አስመስላ ካስገባች፣ አንድም ያልነበረ ነገር ሳትጨምር ያልሆነ ነገር ትናገራለች። ያንን ያየ ልጅ በማግሥቱ መጥቶ ባዶ አዳራሽ ሲያገኝ ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣውን ጥሪ አያምንም። ጥሩምባ ነፊው አንድ ቀን ያልሞተውን ሞተ ቢል፣ ከዚያ በኋላ ማን ይነሣለታል?

ከቅንብሩ በፊት የሚመጣ ደግሞ የፈቃድ ጉዳይ አለ፤ በእኛ ዘንድ እጅግ ችላ የተባለው ይህ ይመስለኛል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ቀጣዩ አንቀጽ ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ሁኔታዎች ያስቀምጣል፤ ሕዝብን በሚመለከት ክንውን ላይ ወይም በአደባባይ የተነሣ ምስል ከእነዚህ አንዱ ነው። ስለዚህ በማዕከሉ ሜዳ በተካሄደ ውድድር ላይ ሕዝቡን መቅረጽና፣ በምክር ክፍሉ በር ላይ ወረፋ የምትጠብቅን ልጅ መቅረጽ በሕግም በሕሊናም አንድ አይደሉም። በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ይህ ጥንቃቄ ሌላም ምክንያት አለው። በኅዳር 2008 ዓ.ም. በጊንጪ የተነሣው ተቃውሞ በዞኑ ሁሉ ሲስፋፋ ወጣቶች ሞተዋል፤ ታስረዋል። ያንን ዘመን ያየ ቤተሰብ ልጁ በተሰበሰቡ ወጣቶች መካከል ፊቱ በቪዲዮ እንዲዞር የማይፈልግበትን ምክንያት ማንም ሊጠይቀው አይገባም። ተማሪዋ ፈቃድ የምትጠይቀው ለወግ ያህል መሆን የለበትም፤ እምቢ ያለውን ሳታግባባ ማለፍ አለባት። እሺ ያለውንም የተቀረጸውን መልሳ ልታሳየው ይገባል፤ ዕድሜው ላልደረሰ ልጅ ደግሞ ወላጁን ትጠይቅ። እጅ፣ ጀርባ፣ የሚነበብ መጽሐፍ፣ የሚወረወር ኳስ ብቻ አሳይቶም ቤቱ ሕይወት እንዳለው መንገር ይቻላል።

ተማሪ የምትሠራው ቪዲዮ ባለሙያ ከሚሠራው የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ፤ እርሷ በዕድሜዋ ከተጠሪዎቹ አንዷ ናት። በብዙ ከተሞች ያሉት የወጣት ማዕከላት በፑል፣ በጠረጴዛ ቴኒስና የእንግሊዝ ኳስ በሚታይበት ቴሌቪዥን የሚታወቁ ናቸው። መጫወት መልካም ነው፤ ነገር ግን እነዚህ ክፍሎች በአብዛኛው የሚሞሉት በወንዶች ነው። ካሜራው ብዙ ሰው ወዳለበት ያዘነብላልና፣ ባለሙያው ሳያስበው የወንዶች ቤት ቀርጾ ይወጣል። ያንን ያየች ልጃገረድ ቤቱ ለእርሷ እንዳልሆነ ማንም ሳይነግራት ትረዳለች። ተማሪዋ ግን ራሷ ብትሄድ የት እንደምትቀመጥ ስታስብ ሌላ ጥያቄ ይመጣባታል፦ ለሴቶች የተለየ መጸዳጃ አለ? ከመምሸቱ በፊት ተነብቦ የሚወጣበት ሰዓት አለ? ቅጥሩ መብራት አለው? እነዚህን ጠይቃ መልሱን ካስገባች በሦስት ደቂቃ ውስጥ የከተማውን ግማሽ ጠርታለች ማለት ነው። ቋንቋውም እንዲሁ ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ በአምቦ ገበያ አማርኛም ይሰማል። ተናጋሪው ቤቱ በሚናገርበት ቋንቋ ይናገር፤ የሌላው ቋንቋ ጽሑፍ፣ በቁቤም ሆነ በፊደል፣ ከሥር ይሂድ። አፋን ኦሮሞ የሚናገርን ልጅ አፍ ዘግቶ በላዩ ላይ አማርኛ ማስተረክ ከድምፁ ይነጥለዋል። ስለ ሥራው ጥቂት ልናገር፦ ብዙው ተመልካች የሚያየው በስልክ ነው፤ ኢንተርኔቱም በገንዘብ የሚገዛ ነው። ፋይሉ ትንሽ ይሁን፤ ዋናው ነገር በመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ ይነገር። ምስል ቢደበዝዝ ይታገሡታል፤ ድምፅ ካልተሰማ ግን ይዘጉታል። በክረምት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቃለ መጠይቅ መቅረጽ ዝናብን መቅረጽ ነው፤ ተናጋሪው ቀረብ ብሎ ጸጥ ባለ ሰዓት ይቀረጽ።

ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ። የመጀመሪያው፣ እንዲህ ያለ ሥራ ለተማሪ አይሰጥም፣ ሠርግ የሚቀርጹ ባለሙያዎች በየከተማው አሉ የሚለው ነው። የባለሙያን እጅ አላቃልልም። ይሁን እንጂ አምቦ በተማሪ ሥራ ልታፍር የሚገባት ከተማ አይደለችም። በአምቦ አቅራቢያ ቦዳ የተወለደው ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ ገና በአምቦ ተማሪ ሳለ የጻፈው ተውኔት ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት በትምህርት ቤቱ ታይቷል። ተውኔቱ ስለ ሩቅ አገር ንጉሥ ስለ ዲዮኒስዮስ እንደነበር ሳስብ አንድ ነገር ይገባኛል፤ ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ስለ ሩቅ ነገር ካነበበው ወይም ካየው ነው። የእኛም ተማሪ መጀመሪያ የሚመጣላት ድሮኑና የባዕድ ሙዚቃው ቢሆን አይፈረድባትም፤ መምህሯ ግን ወደ ሰፈሯ ሊመልሳት ይገባል። የፊልም ሠሪው ኃይሌ ገሪማም እ.ኤ.አ. በ1974 በካሊፎርኒያ የፊልም ተማሪ ሳለ ወደ አገሩ ተመልሶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በጥቁርና ነጭ ፊልም፣ ተዋናይነት ሙያቸው ካልሆነ ሰዎች ጋር ቀርጿል። ኃይሌን የረዳው የመሣሪያው ብዛት አልነበረም፤ የሚቀርጻቸውን ሰዎች አነጋገርና አቀማመጥ ማወቁ ነበር። ተማሪ ሕዝብን ማገልገሉም እንግዳ ነገር አይደለም፦ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት ከአዲስ አበባ ውጭ እየወጡ ያገለግሉ ነበር። ዛሬ አምቦ ራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ መሠረቱም በ1939 ዓ.ም. የተከፈተው የእርሻ ትምህርት ቤት ነው። እንግዲህ ተማሪው ለአገልግሎት ከከተማው ርቆ መሄድ አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል። ለጋሽ የሚፈልገው ያማረ ሥራ ነው፤ የተሰበረውን ወንበርና ያረጀውን ኮምፒውተር ብናሳይ ገመናችንን ማውጣት ነው፣ ገንዘብም ይቀርብናል ይላሉ። ገመና መሸፈን በባህላችን ክብር እንዳለው አውቃለሁ፤ ትክክልም ነው። ሆኖም የሚሸፈነው የሰው ገመና ነው፤ የሕዝብ ቤት ጉድለት ሕዝቡ ሊያውቀው የሚገባ ጉዳይ ነው። ደግሞም ጉድለት ማሳየት ልመና መሆን የለበትም። ዐሥር ኮምፒውተር ካለ አራቱ ብቻ እንደሚሠሩ መንገር፣ መጥቶ ወረፋ የሚይዘውን ልጅ ከቅሬታ ያድነዋል፤ ጥገና የሚያውቅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪም ሰምቶ ሊመጣ ይችላል። ለለጋሹም ቢሆን ቀን በቀን በሚመጡ ልጆች የተያዘ ጠባብ ክፍል፣ ባዶ ከሆነ ሰፊ አዳራሽ የበለጠ ያሳምነዋል። ለቢሮና ለድርጅት የሚላክ ሌላ ቪዲዮ ካስፈለገ ለብቻው ይሠራ፤ ሁለቱን በአንድ ላይ ማድረግ ሁለቱንም ያበላሻል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የሚበረታው ነው፤ ቶሎም አልመልሰውም። ማዕከሉ ራሱ ባዶ ከሆነስ? መጻሕፍቱ አርጅተው፣ አዳራሹ ለስብሰባና ለሠርግ እየተከራየ፣ ቁልፉ አንድ ሠራተኛ ኪስ ውስጥ እየዋለ ከሆነ ቪዲዮ ምን ይፈይዳል? እውነት ነው፤ የሌለን ነገር ማስተዋወቅ አይቻልም፤ ወጣቱም ያልመጣው ስላልሰማ ብቻ አይደለም። ብዙዎቹ ሰምተው፣ አንድ ጊዜ መጥተው፣ በር ተዘግቶ አግኝተው የተመለሱ ናቸው። ነገር ግን ተማሪዋን ለቀረጻ መጋበዝ ዋና ጥቅሙን የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው። ለአንድ ሳምንት በተለያየ ሰዓት እየሄደች ያየችውን ብትመዘግብ፣ መቼ እንደተከፈተ፣ ማን እንደመጣ፣ ምን ጠይቆ ምን እንዳጣ ትይዛለች። የምትቀርጸው እንቅስቃሴ ካጣች ያ ራሱ ትልቅ መረጃ ነው፤ በሪፖርት ያልተጻፈውን ለኃላፊዎቹ ያሳውቃቸዋል። ያኔ ከሁለት አንዱን መምረጥ ግድ ይሆናል፦ ወይ አስመስሎ መቅረጽ፣ ወይ ቀረጻውን አቁሞ ቤቱን ማስተካከል። አስመስሎ መቅረጽ ቀላል ስለሆነ ብዙዎች ይመርጡታል፤ ተማሪዋም ውጤት የሚሰጧትን ሰዎች እምቢ ለማለት አቅም የላትም። ስለዚህ ይህንን ሸክም በእርሷ ላይ ብቻ መጣል አይገባም። መምህሯ የማዕከሉን ኃላፊ አስቀድሞ አነጋግሮ፣ ያልሆነ ነገር እንደማትቀርጽ በስምምነት ሊያስይዝላት ይገባል። ቪዲዮው ሲያልቅም መጀመሪያ የሚታየው በቢሮ ሳይሆን በማዕከሉ ግቢ፣ በሰፈሩ ወጣቶችና ወላጆች ፊት ይሁን፤ የተባለው እውነት መሆኑን የሚፈርዱት እነርሱ ናቸውና።

በዚህ አዳራሽ የተገኛችሁ፣ የወጣት ማዕከል የምትመሩ ወንድሞችና እኅቶች፤ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ተማሪዋ ካሜራዋን ይዛ ከመምጣቷ በፊት የመክፈቻና የመዝጊያ ሰዓታችሁን በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ጽፋችሁ በሩ ላይ ለጥፉ፤ በተጻፈውም ሰዓት በሩ ክፍት ሆኖ ይገኝ።